የኔታ የሰሙት ዜማ

ኒኮሎዞ ከፎቁ ሰገነት ሥር፣ ከሎሚ ዛፎቹ መካከል፣ አንገቱ ተቆልምሞ ወድቆ ተገኘ። በቀኝ እጁ ከበግ አንጀት የተገመደ አዲስ አውታር ጨብጧል። በፌራራ ከተማ ሉት የሚባለውን እንደ ክራር ባለ አውታር የሆነ መሣሪያ በመምታት እሱን የሚያህል አልነበረም።

መርማሪው ታዴዎ እንደ ደረሰ ነገሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ መሰለው። የቤቱ ጌታ፣ ኒኮሎዞን ያስጠጉት መምህር ኦታቪያኖ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ዜማ በማስተማር በመላ ኢጣሊያ የተከበሩ ሊቅ ናቸው። ታዴዎም በልጅነቱ «የኔታ» እያለ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ተምሯል። ሁለት ሉት እኩል ቃኝተው፣ በአንደኛው አውታር ላይ ገለባ አስቀምጠው ሌላውን ሲመቱ ገለባው ዘሎ ይወድቅ ነበር። «አያችሁ ልጆቼ? ፍቅር ይህ ነው። አንዱ ሲነካ ሌላው ሳይነኩት ይንቀጠቀጣል። በጆሮ ገብቶ ነፍስን የሚቃኝ ፍቅር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል» ይሉ ነበር። እኚህ ሰው ይዋሻሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲጫወት ሰማሁት» አሉት የኔታ፣ ዓይናቸውን ከከንፈሩ ሳይነቅሉ። «ምን የመሰለ ዜማ! የማታው ደወል ሊደወል ሲል ላውዶሚያ ገባች። ጮኸችበት። ከዚያ ሉቱ ዝም አለ።»

ላውዶሚያ ዘፋኝ ናት፣ የኒኮሎዞ እጮኛ። መጣላታቸውን አልካደችም።

«የተጣላነው ጠዋት ነው። ከሰዓት ወንዝ ዳር ነበርኩ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም። ሰው ሊያለቅስ ሲሄድ ምስክር ይዞ ይሄዳል እንዴ?»

ታዴዎ የእሷን ቃል ከየኔታ ቃል ጋር መመዘኑን እንኳ እንደ ነውር ቆጠረው። ወደ እስር ቤት ላካት። በማግስቱ ቀትር ላይ እጇ የፊጥኝ ታስሮ በገመድ ተንጠልጥላ እንድትመረመር ወረቀቱን ፈረመ።

በማለዳው የቀሩትን ሰዎች ቃል ሊቀበል ተመለሰ። የየኔታ የወንድም ልጅ ጋስፓሬ ላውዶሚያን ሲመኛት የኖረ ነውና በጥያቄ አጥብቆ ያዘው።

«ትናንት የት ዋልክ?»

«ከተማ። የኒኮሎዞ ሉት ሆዱ ተሰንጥቆ ሠሪው ዘንድ ወስጄለት ነበር። እስኪመሽ ነው ያስቀመጠኝ፤ ሂድና ጠይቀው።»

«የኔታ ይህን ያውቃሉ?»

«ስወጣ ከበር ላይ ጮኼ ነግሬያቸዋለሁ። ጀርባቸውን ሰጥተው ይጽፉ ነበር።»

ታዴዎ ወደ ማድ ቤት ወረደ። አሮጊቷ ብሪጂዳ ባቄላ ትፈለፍላለች።

«እማማ ብሪጂዳ፣ ትናንት ዜማው መቼ ቆመ?»

«የምን ዜማ? ቤቱ እንደ መቃብር ጭር ብሎ ነው የዋለው። ያ ምስኪን ከምሳ በፊት የጌታዬን ሉት አውታሩን ሁሉ ፈታትቶ፣ ‹እሁድ መስፍኑ ፊት ይቀርቡበታል፣ አዲስ ላልብሰው› አለኝ። ያለ አውታር የሚዘፍን እንጨት እኔ አላየሁም። አንተ የተማርከው አይተህ እንደሆነ ንገረኝ!»

«የኔታ ግን ሰማሁ ብለዋል።»

«እሳቸውማ ስንጠራቸው እንኳ አይሰሙን። ሊቅ አይደሉ? ሐሳብ ወስዷቸው ነው ብለን እንተዋቸዋለን።»

ታዴዎ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። ሉቱ ጠረጴዛው ላይ ራቁቱን ተጋድሟል። አገላብጦ ሲያየው በጠርዙ ላይ ጠልቆ የገባ የጥርስ ምልክት አገኘ፤ በመካከሉ የአንድ ጥርስ ክፍተት አለ። ያን ክፍተት በትምህርት ዘመኑ የኔታ በሳቁ ቁጥር ያየው ነበር። ጆሮዎቹን በጨርቅ ደፍኖ እንጨቱን ነከሰና በጥፍሩ ቆረቆረው። ድምፁ በጥርሱ አልፎ ራስ ቅሉ ውስጥ ገባ።

ፊቱ እንደ ፍም ጋለ። ላውዶሚያን አሁኑኑ እንዲያመጧት ፈረሰኛ ላከ።

ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰቡ። የኔታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አትክልቱን ያያሉ። ታዴዎ ከጀርባቸው ቆመና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ኒኮሎዞን የገደሉት የኔታ ናቸው።»

ጋስፓሬ ከወንበሩ ዘለለ። ብሪጂዳ አፏን በእጇ ከደነች። የኔታ አልተነቃነቁም።

«ተቀመጥ ጋስፓሬ፤ እያቸው። ትናንት በዚህ ቤት የሚመታ ሉት አልነበረም። አንደኛው ከተማ ነበር፣ ሌላው አውታር የለውም። እሳቸው ግን ዜማ ሰማሁ አሉ። አንተ ከጀርባ ስለ ነገርካቸው አልሰሙህም፤ ኒኮሎዞ በራሱ ሉት ሲጫወት የዋለ መሰላቸው። ላውዶሚያ ጠዋት ስትጣላ በዓይናቸው አዩ፤ ጩኸቱን ከራሳቸው ጨመሩበት። የማይሰሙ መሆናቸውን የደበቁት ንግግርን ከከንፈር እያነበቡ፣ ዜማን ደግሞ የሉቱን እንጨት ነክሰው በጥርሳቸው እየሰሙ ነው። ኒኮሎዞ አውታሩን ሊቀይር ሲል ምልክቱን አገኘ፤ ምስጢሩንም አወቀ። ያን ምስጢር ከሰገነቱ የሚጥል ምክንያት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

የኔታ ዞር ብለው ፈገግ አሉ። «ታዴዎ ልጄ፣ ሁሉም መጥቷል እኮ። አትጀምርም?»

የእያንዳንዱን ፊት አንድ በአንድ ቢያዩ ሁሉም አቀርቅሯል። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«እነዚህ ሁሉ ሰሙ?» አሉ።

ታዴዎ ከንፈሩ እንዲታያቸው ከፊታቸው ተንበረከከ። «ሁሉም ሰሙ፣ የኔታ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በካባቸው ሸፈኑ። «ኒኮሎዞ አልሰደበኝም እኮ» አሉ ከውስጥ። «አለቀሰልኝ። ‹እሁድ ከአጠገብዎ እቆማለሁ፣ ጆሮዎ እሆናለሁ፣ ማንም አያውቅም› አለኝ። እኔ ተነክቼ እሱ ተንቀጠቀጠ። አርባ ዓመት ያስተማርኩትን ፍቅር ዓይኔ ሲያየው አፈርኩ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር። ገፋሁት።»

ሲወስዷቸው ታዴዎ የላውዶሚያን እስራት በገዛ እጁ ፈታ። ገመዱ የእጇን አንጓ ልጦታል።

«ይቅር በይኝ» አላት። «እሳቸውን አምኜ ነው።»

ላውዶሚያ የቆሰለ እጇን እያሸች አየችው።

«ወንዝ ዳር ነበርኩ ብዬህ ነበር። እሳቸውስ አይሰሙም፤ አንተ ግን ጆሮ ነበረህ።»