ያልጎረበጠች አተር

ተረቷን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከስንት ፍራሽ በታች የተደበቀች አንዲት አተር ጎርብጣት ስትገላበጥ ያነጋችው ልዕልት አለች አይደል? የኛይቱ ልጅ እንኳን አተር፣ ድንጋይ ቢያነጥፉላትም ትተኛለች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሊጥ ስታቦካ፣ ዳቦ ስታወጣና ስታስገባ ስለምትውል፣ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ካለች አለቀ፤ አገጯ ደረቷ ላይ ነው። የሥራ ጓደኞቿ ስሟን ትተው «እንቅልፌ» ይሏታል።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ እያዛጋች ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ መታጠፊያው ላይ ፍራሽ እግር አውጥቶ መጣባት። ከሥሩ አንድ ወጣት አለ፤ በጭንቅላቱ ተሸክሞት ፊት ለፊቱን አያይም። ተላተሙ። ፍራሹ ወደቀ፤ እሷም እላዩ ላይ ዘፍ አለች።

«ወይኔ! ተጎዳሽ እንዴ?» አለ ልጁ። ፀጉሩ ጥጥ በጥጥ ሆኗል።

«አልተጎዳሁም።»

«ታዲያ ለምን አትነሺም?»

«ይመቻላ!» አለችው ዓይኗን እንደከደነች።

ልጁ ሳቀ። አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያን ቀን ወዲያ ዳቦ ቤቱ በር ላይ መቆም አመጣ። «ጥጤ» አለችው። እሱ ከቅንድቧ ላይ ዱቄት ያራግፍላታል፤ እሷ ከፀጉሩ ላይ ጥጥ ትለቅምለታለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ አንዱ ያለ አንዱ መዋል አቃተው።

ጣጣው እናቱ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች በመርፌና በጥጥ ያሳደጉ ፍራሽ ሠሪ ናቸው። ጥጤ እሳቸው እምቢ ካሉ አያገባም። እንቅልፌም ብትሆን እናቷን በልጅነቷ ያጣች ናትና፣ ልጅን ከእናቱ አጣልታ ቤት መሥራት አትፈልግም። እንድትተዋወቃቸው በተቀጠረችበት ዋዜማ ጥጤ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«እማዬ ፈተና አላት» አላት።

«የምን ፈተና?»

«የአተር።»

«ትቀልዳለህ!»

«ከፍራሽ ሥር አተር ታደርግና እንግዳዋን ጋደም በይ ትላለች። የወንድሜ እጮኛ መጥታ ተኛች፤ ስትነሳ ምን እንደተባባሉ እንጃ፣ እያለቀሰች ወጣች። ወንድሜና እማዬ እስከዛሬ በቅጡ አያወሩም።»

«ለምን አለቀሰች?»

«አልጎረበጣት ይሆናላ! ፍራሽ ሠሪ ቤት ልትገባ አተር ካልለየች ምን ይባላል? አንቺ ደግሞ...» ብሎ ተከዘ፤ «አንቺ ደግሞ አንቺ ነሽ። ብቻ ስትነሺ ጎረበጠኝ በይ። አንዲት ቃል ናት።»

በማግስቱ ዝናቡ የጉድ ወረደ። እንቅልፌ እቤታቸው ስትደርስ ከራስ እስከ እግሯ ርሳ ጫማዋ ውኃ ይተፋል። ምን ዓይነት መተዋወቅ ነው! እናትየው መርፌ አንገትጌያቸው ላይ እንደሰኩ በሩን ከፈቱ።

«ውይ ልጄን! ግቢ፣ ግቢ። ይኸን ቀሚሴን ልበሺና ልብስሽ እስኪደርቅ ጋደም በይ።»

አተሯ መጣች! አለች በሆዷ። አልጋው ላይ ወጥታ እንዳትተኛ ለራሷ ማለች። አተሯን በጀርባዋ ፈለገቻት፣ በጎኗ ፈለገቻት፣ በሆዷም ተኝታ ሞከረች። ወይ አተር! እስቲ ዓይኔን ላንዴ ላሳርፍ አለች። አበቃ።

ስትነቃ ዝናቡ አባርቷል። እናትየው ግርጌዋ ተቀምጠው ይሰፋሉ። በመጋረጃው ሥር የጥጤ ጫማ ጫፍ ይታያል።

«እህ ልጄ፣ እንዴት ነበር?»

ቃሏ ምላሷ ላይ ናት። ብትላት ጥጤ የሷ ነው፤ እናትም ታገኛለች። ግን መርፌ የበሳሳውን የሴትየዋን ጣት አየችና አንጀቷን በላት። በውሸት ገብቼ እንዴት ዕድሜ ልኬን እማዬ እላቸዋለሁ?

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አተር እንዳለ ሰምቻለሁ። ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት፤ ከዚያ ድብን ብዬ ተኛሁ። እንዲህ የሚመች ነገር ላይ ተኝቼ አላውቅም።» እንባዋ መጣ። «ለዚህ ቤት አልሆን ይሆናል። ልጅዎን ግን እወደዋለሁ።»

ሴትየዋ መርፌውን አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ ሳቅ ይዟቸው ነው።

«ስታንኮራፊ እኮ ጣሪያው ሊነሳ ነበር! ስሚ ልጄ፣ በኔ ፍራሽ ውስጥ አልፋ ሰው የምትጎረብጥ አተር ከተገኘች፣ ሱቄን ዘግቼ ሽንኩርት ልቸርችር!»

ጥጤ መጋረጃውን ገልጦ ዘው አለ። «እና የወንድሜ እጮኛስ?»

«እሷማ ልክ እንደዚህች ስታንኮራፋ ሰምቻታለሁ። ስትነሳ ግን ‹አተር ጎርብጣኝ ዓይኔን አልከደንኩም› አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች! በአተር የዋሸችኝ በትልቁ ነገር ምን ልታደርገኝ ነው? አትሆኚንም ብዬ ሸኘኋት፤ ምክንያቱን ግን የሰው ልጅ ገመና ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት። ይቺ ስለ አተሯ ከሰማች፣ ለካ ያቺንም ወንድምህ ነው ያስጠናት፤ አንተም እንደሱ! ምን ዓይነት ወንዶች ነው የወለድኩት?»

ጥጤ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እንቅልፌ እያለቀሰች ትስቃለች፤ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ከረጢት ዱቄት የተነሳላት ያህል ተነፈሰች። እናትየውም በዚያው ቀን ለትልቁ ልጃቸው ደውለው ሁሉንም ነገሩት፤ እስከዛሬ መደበቃቸው ጥፋት እንደሆነም አልሸሸጉም።

የሙሽሮቹን ፍራሽ ማንም እንዳይነካ ብለው ራሳቸው ሰፉት። ሲያልቅ ሁለቱ ወንድማማቾች ተሸክመው አስገቡትና አንሶላ አለበሱት። እንቅልፌ ልትሞክረው ጋደም አለች። ወዲያው ፊቷን አጨማደደች።

«ጎረበጠኝ!»

«በኔ ፍራሽ?!» እናትየው ፍራሹን ሊተረትሩ መቀስ አነሱ።

«ኧረ እማዬ፣ ቆይ!» ጥጤ መሃል ገባ። «ከፍራሹ በላይ ነው ያደረግኩት፣ ከአንሶላው ሥር! ከፍራሹ ሥር ባደርገውማ ዕድሜዋን ሙሉ አታገኘውም ነበር።»

እጇን አንሶላው ሥር ሰዳ ቀለበት አወጣች። መልሳ ሰጠችውና ጣቷን ዘረጋችለት፤ አጠለቀላት። እናትየው መቀሱን እንደያዙ እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«ታዲያ ለምን አትነሺም?» አላት ጥጤ።

«ይመቻላ!» አለችው ዓይኗን እንደከደነች።