የትንፋሹ ቱቦ

አቶ ኦይታ የጎማውን ቱቦ በእጃቸው እንደጨበጡ ወለሉ ላይ ተዘርረዋል። አፋቸው አረፋ ደፍቋል። መርማሪው መቶ አለቃ ሀብተጊዮርጊስ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው የጥናት ቤት ሲደርስ ሐኪሙ ቀድሞት ነበር።

«የጥጥ ተባይ መርዝ ነው፤ የቱቦው አፍ ላይ ተቀብቷል» አለ ሐኪሙ።

«ከየት ይገኛል?»

«ከየጓሮው።»

ዘመኑ 1971 ነው። መምህር ፈቃደ ከአዲስ አበባ የመጣው ሊጠፋ የተቃረበ ቋንቋ ሊያጠና ነው። ቋንቋውን የሚናገሩት ሟቹ ኦይታና ጎረቤታቸው ዳልጮ ብቻ ነበሩ። ተናጋሪው ከመሣሪያው ጋር የተያያዘውን ቱቦ አፉ ላይ ገጥሞ አናባቢ ሲያሰማ፣ መርፌ በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ ትንፋሹን ትስላለች። አጭሩና ረጅሙ ድምፅ የሚለየው በዚያ ነው።

መንደሩ በዳልጮ ላይ ፈርዷል። መቶ አለቃው ከእሳቸው ጀመረ።

«ከኦይታ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ፣ አባባ?»

«ዕድሜ ልካችንን።»

«በምን?»

«በሁሉ። የሱ በሬ ይወፍራል። የሱ ሚስት ትስቃለች። ዛሬ ደግሞ መምህሩ እሱን አስቀደመ። እኔ ታላቅ ነኝ፣ ልቅደም አልኩ። መምህሩ ጥርስ የለዎትም፣ ትንፋሽዎ ያመልጣል አለኝ። ኦይታ ሳቀ! ቱቦውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣ ከመምህሩ እጅ መንጭቆ አፉ ውስጥ ከተተ።»

ቀጥሎ የፈቃደ ሚስት ዘሪቱ ገባች።

«ቱቦውን ማን ያጥባል?»

«እኔ። ጠዋት ጠዋት እቀቅለዋለሁ። ካሱ በአልኮል ወልውሎ ለፈቃደ ያቀብለዋል።»

«ባለቤትዎ ሥራ ይወዳሉ።»

«በአናባቢ የሚቀና ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ እቀናለሁ።»

ካሱ የመሣሪያው ባለሙያ ነው።

«ዛሬም ወልውለሃል?»

«እንዴታ፣ ጓድ መቶ አለቃ! ወልውዬ በቀጥታ ፈቃደ እጅ ላይ አኖርኩ።»

«መሣሪያውን የሠራኸው አንተ ነህ አሉ።»

«ረጅሙን አናባቢ የለየውም የእኔ ጆሮ ነው። ጥናቱ ላይ የሚታተመው ስም ግን የፈቃደ ነው። ይሁን፤ ለአብዮቱ እስከጠቀመ ድረስ።»

መቶ አለቃው የመወልወያውን ጨርቅ አንስቶ አሸተተው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበ።

«አባባ ዳልጮ ገዳይ አይደሉም» አለ። «መርዝ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በቱቦው እኔ ልቅደም ብሎ አይጣላም። መምህር፣ ሰው ከማናገርህ በፊት ምን ታደርጋለህ?»

«ሁልጊዜ መጀመሪያ እኔ በቱቦው ድምፁን አሰማለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ላሰማ ስል ኦይታ ነጠቁኝ…» ፈቃደ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«መርዙ የተቀባው ላንተ ነበር። ልማድህን የሚያውቁት ሚስትህና ካሱ ናቸው። ወይዘሮ ዘሪቱ ቀብተውት ቢሆን መርዙ ከጨርቁ ላይ ይገኝ ነበር። ጨርቁ ይኸው፤ እርጥብ ነው፤ አልኮል እንጂ መርዝ አይሸትም። ቱቦው ሲወለወል ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የነካው ካሱ ብቻ ነው። አንተ ከተቀበልክ ወዲያ ደግሞ ሁሉም ሲያይህ ነበር።»

ካሱ ወደ በሩ ተመለከተ። ፖሊስ ቆሞበታል።

«መሣሪያው የእኔ! ጆሮው የእኔ! ስሙ የእሱ!»

«ኦይታ ቱቦውን ሲነጥቁ አይተሃል። አንድ ቃል ብትናገር ይተርፉ ነበር።»

«ብናገር ይታወቅብኝ ነበር» አለ ካሱ።

ወሰዱት። መቶ አለቃው ወደ ዳልጮ ዞረ።

«አባባ፣ ይሂዱ። ለመንደሩ እኔ ራሴ እነግራለሁ።»

ዳልጮ አልተነሡም። ኦይታ ተቀምጠውበት ወደነበረው በርጩማ ፊታቸውን አዙረው በቋንቋቸው ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ በርጩማው አዘነበሉ።

«ምን አሉ?» አለች ዘሪቱ።

«ኦይታን ሰደቡ» አለ ፈቃደ። «መልሱን እየጠበቁ ነው።»