ኤሊ ያቋረጠችው ጠብታ

«ቀና በይ! አትጨፍኚ እንጂ!»

መሲ በአንድ እጇ የጓደኛዋን የኤሊን አገጭ ይዛ፣ በሌላው ትንሿን ብልቃጥ አዘቅዝቃ ቆማለች። ከመዘምራን ክፍሉ የቆርቆሮ ግድግዳ ወዲያ ጉባኤው ይዘምራል። በበሩ ስንጥቅ የምትገባው የከሰዓት ፀሐይ ለኤሊ ብርሃን አልመሰለቻትም፤ ግራ ዓይኗ ውስጥ የምትሰካ መርፌ ሆናባታለች።

«ቆይ መሲ፣ ቆይ። ያመኛል።»

«አታካብጂ ባክሽ። ትናንት ስናደርግልሽ ወዲያው ነጣ አላለም? ከሃና ከተማ፣ ከቱርሚ የመጣው እንግዳ ሁሉ አንቺን እየጠበቀ ነው። በዚህ በርበሬ ዓይን ነው ‹ተፈወስኩ› የምትዪው?»

ትናንት ቅላቱ እውነትም ለቆ ነበር። ሕመሙ ግን አልለቀቀም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ኤሊ መስታወት ፊት ስትቆም በጥቁሩ የዓይኗ ክፍል ላይ የስኳር ቅንጣት የምታክል ነጭ ነጥብ አየች። ብታርገበግብም አልሄድ አለቻት። ቀኝ ዓይኗን ስትሸፍን የእናቷ ፊት በጭጋግ ተዋጠ። ለማንም አልተናገረችም።

ነገሩ ሲጀምር ቀላል ነበር። ዓይኗ ጠዋት ጠዋት በመግል እየተጣበቀ ሲያስቸግራት እናቷ ሆስፒታል ወሰደቻት። የዓይን ክፍሉ ነርስ ሲስተር የሺሃረግ ጠብታ ሰጧት።

«ሲገባ ያቃጥልሻል፣ ጉሮሮሽንም ይመርርሻል፤ እሱ አያስፈራሽ። ቢሻልሽም ሳምንቱን ጨርሺ። ሕመሙ ከጨመረ፣ ብርሃን ካስጠላሽ ወይም ዕይታሽ ከደበዘዘ ግን ሳታድሪ ነይ። ደግሞ ሌላ ጠብታ በራስሽ እንዳትጨምሪ። ቅላቱን ደብቆ ቁስሉን የሚያባብስ አለ።»

ሳምንቱ ሳይጋመስ ዓይኗ ጠራ። ባለፈው እሁድ ወንጌላዊ ሚልክያስ «ጌታ የሠራለት ሰው አለ?» ሲሉ እናቷ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ኤሊ ተነስታ መሰከረች፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ቤት ገብታ ብልቃጡን ስታነሳ ግን እጇ ከበዳት። ተፈውሻለሁ ብላ ስታበቃ ጠብታ ማድረግ ጌታ ፊት መዋሸት መሰላት። ምሬቱም ሰልችቷት ነበር። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ዓይኗ መልሶ ቀላ።

«ቆይ፣ ይሄ የማን ነው?» አለች አሁን፣ የመሲን ብልቃጥ እያየች።

«የወንድሜ የዳርጌ ነዋ። የቱርሚ መንገድ አቧራ ዓይኑን ሲያቀላው ያደርገዋል። ያለ ማዘዣ ነው የሚገዛው። ካቆመ መልሶ ይቀላል፤ ስለዚህ አያቆምም።» መሲ ሳቀች። «አሁንማ ማታ ሲነዳ የመኪና መብራት ሁሉ ቀስተ ደመና ለብሶ ነው የሚታየኝ ይላል። ቅዠታም እንለዋለን።»

ኤሊ አልሳቀችም። የሲስተር የሺሃረግ ቃል ትዝ አላት፦ ቅላቱን ደብቆ ቁስሉን የሚያባብስ አለ። የመሲን እጅ ገፋችው፤ ጠብታው ጉንጯ ላይ ወደቀ።

«ምን ሆነሻል አንቺ! ፋራ አትሁኚ!»

«ዓይኔን እዪው። ጥቁሩ ላይ።»

ኤሊ ወደ በሩ ዞረች፤ እንባዋ ወዲያው ይወርድ ጀመር። መሲ ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ ብልቃጡን ከደነችው። ኤሊን ከሕመሙ ይበልጥ ያስፈራት ይህ ነው፤ መሲ እንዲህ በቀላሉ እጅ ሰጥታ አታውቅም።

በሩ ተከፈተ። እናቷ አስካለ ናት፤ ፊቷ በደስታ በርቷል።

«ኤሊዬ፣ ነይ እንጂ! ወንጌላዊ እየጠሩሽ ነው። የሃና እናቶችማ ‹እስቲ ልጅቷን አሳዪን› እያሉ መቀመጫ ነሱኝ።»

ኤሊ እናቷን አየቻት። በአንዱ ዓይኗ ጥርት ብላ ትታያለች፣ በሌላው ነጭ ጥላ ናት። አሁን ወጥታ፣ ፊቷን ዘወር አድርጋ ብትናገር ከሩቅ ማን ያያታል? እውነቱን ብታወጣ ደግሞ እናቷ ከእንግዲህ በዚያ አዳራሽ በምን ፊት ትቀመጣለች?

«እማ፣ ጠብታውን አልጨረስኩትም።»

«የቱን ጠብታ?»

«የሆስፒታሉን። የመሰከርኩ ዕለት ጣልኩት። አሁን በዚህ ዓይኔ በደንብ አላይም።»

አስካለ የልጇን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃኑ ስታዞራት ኤሊ ጮኸች።

«ኧረ በኢየሱስ ስም! ማን ጣይ አለሽ?»

«ማንም። አፈርኩ።»

«አሁን ሰው ምን...» አስካለ ጀምራ ተወችው። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ እሁድ ነው፤ ዓይን ክፍሉ ዝግ ነው። ቤት ሄደሽ ትተኚና ነገ በጠዋት...»

«ምነው ዘገያችሁ?» ወንጌላዊ ሚልክያስ በበሩ ብቅ አሉ።

አስካለ መሬት መሬት አየች። የመለሰችው ኤሊ ናት።

«ወንጌላዊ፣ ዓይኔ ብሶበታል። ከመሰከርኩ በኋላ መድኃኒቴን አቋርጬ ነው።»

«ምን ነካሽ ልጄ! ጌታ በመድኃኒትም ይሠራል አላልኩም?»

«አላሉም።»

«ኤሊ!» አለች እናቷ ደንግጣ።

ወንጌላዊ ግንባራቸውን አሻሹ። «እውነቷን ነው» አሉ። «አላልኩም። ዛሬ እላለሁ። ሂዱ እናንተ።»

መሲ ብልቃጡን ኪሷ ልትከት ስትል ኤሊ እጇን ዘረጋች።

«ስጪኝ። ትናንት ዓይኔ ላይ ምን እንዳደረግኩ ሐኪሞቹ ማየት አለባቸው።»

«ዳርጌ ይገድለኛል!»

«ዳርጌም ዓይኑን ይታይ።»

መሲ አመነታች፤ ከዚያ ሰጠቻት።

በአዳራሹ በር ላይ ባጃጅ ቆሟል። «ወዴት ነው፣ እናት?» አለ ሹፌሩ ሞተሩን እያስነሳ። አስካለ ወደ ሰፈር በሚያስገባው መንገድ በኩል ተመለከተች።

«ሆስፒታል» አለች ኤሊ፣ በመዘምራን ጋውኗ እጅጌ ፀሐዩን ከልላ። «በድንገተኛው በር።»