የተዛነፈው አምድ

በስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም «ትንሿ» ነበረች። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች የወጣላት ቅጽል ነው። ነገር ግን «ቁም ነገር አይጣልባትም» የሚል ትርጉምም ነበረበት። ልጅ ሳለች የደንበኛ ሙሉ ልብስ በካውያ አቃጥላለች። ከዚያ ወዲህ እናቷ «ይቺ ልጅ የነካችው ነገር አይበረክትም» ትላለች፣ ሰፊዎቹ ይስቃሉ፣ እሷም ከአንገት በላይ አብራ ትስቃለች።

እናቷ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ነርሶችን ጋውን የመስፋት ሥራ ስታገኝ ግን ነገር ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የደንበኛ ልክ የሚጻፈው በብጣሽ ወረቀት ላይ ነበር፤ ብጣሿም ጨርቁ ላይ በስፒል ትሰካለች። ያን ሁሉ ነርስ በብጣሽ ወረቀት ማስተናገድ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ እናትየዋ ከኮምፒውተር ማሠልጠኛ አንድ ወጣት አስመጣች። የነርሶቹን ልክ ኤክሴል ላይ ያስገባል፤ ጎን ለጎንም ትንሿን ያስተምራል። እሷ ስትለምድ እሱ ይሄዳል።

ሰፊዎቹ ገና በመጣበት ቀን «ቲቸር» አሉት፤ በዚያው ቀረ።

«ይሄ ወደ ታች የሚወርደው አምድ ነው፤ ወደ ጎን የሚሄደው ደግሞ ረድፍ» አላት። «አንድ ረድፍ አንድ ሰው ነው። ስሟ፣ የምትሠራበት ክፍል፣ ደረቷ፣ ወገቧ፣ ቁመቷ። ረድፉን በተንሽ ማለት ሰውዬዋን በተንሻት ማለት ነው።»

«እኔ ምን በወጣኝ ሰው እበትናለሁ?»

«እንግዲህ ሞክሪዋ። እኔ ስለፈልፍ ብውል አይገባሽም፤ እጅሽ ነው የሚማረው።»

ይህን ብሎ እጆቹን ወደ ኋላ ያጣምራል። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ተማሪው ሲሳሳት ማውዙን ይነጥቃል። እሱ አንድም ቀን ነጥቋት አያውቅም፤ እሷ ስትዳክር ዝም ብሎ ይጠብቃል። አንዷ ሰፊ ይህን አይታ «ቲቸር እጁን የሚያስረው ፈተና ፈርቶ ነው» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። ትንሿም ስክሪኑ ላይ ያልነበረ ነገር የምታነብ መሰለች።

የእኩል ይሆናል ምልክት አስቀድማ ቁጥሮች መደመርን ተማረች። የሰንጠረዡን አንዲት ሳጥን ጥግ ይዛ ወደ ታች ስትጎትት ፎርሙላው ራሱን እየገለበጠ ሲወርድ ስታይ እንደ ሕፃን አጨበጨበች። ዞር ስትል ቲቸር የሚያየው ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ነበር። 

ሁለት ፋይሎች ነበሩ። አንዱ «መለማመጃ» ይባላል፤ የፈጠራ ስሞችና የፈጠራ ቁጥሮች ብቻ አሉበት። ሌላው «ዋናው» ነው፤ የነርሶቹ ትክክለኛ ልክ ያለው እሱ ላይ ነው። ብጣሾቹን እናቷ «ከኮምፒውተር ወዲያ ወረቀት ምን ሊሠራ!» ብላ ጥላቸዋለች።

«ዋናውን እኔ ሳልኖር አትክፈቺው» ብሏታል ቲቸር።

«እሺ» ብላለች።

ቶሎ ከለመደች እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ግን እንዲደነቅባትም ትፈልጋለች። ፍቅር እንዲህ ነው፣ ሁለቱንም በአንዴ ያስመኛል። የሚቀጥለው ትምህርት ቁጥሮችን በቅደም ተከተል ማስያዝ ነው ሲላት ቀድማ ችላ ልትጠብቀው ወሰነች። እሱ ምሳ ሲወጣ በፈጠራ ስሞች መጫወት ሰለቻትና ዋናውን ከፈተችው። የደረትን አምድ መርጣ ሶርት የሚለውን ተጫነች። ትንሽ መስኮት ብቅ ብላ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። አላነበበችም፤ ከሁለቱ ምርጫ የታችኛውን ነክታ አለፈች። ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰለፉ። ደስ አላት። «ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጊ» ብሏት የለ? ሴቭ አደረገች።

መስኮቷ የጠየቀችው ሌሎቹ አምዶች አብረው ይሂዱ ወይስ አይሂዱ ብላ ነበር፤ እሷ የነካችው «አይሂዱ» የሚለውን ነው። ስሞቹ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። የእያንዳንዷ ነርስ ደረት ግን ለሌላዋ ሄዷል።

ቲቸር ሲመለስ ልታሳየው ስትል እናቷ ደንበኛ እንድታስተናግድ ጠራቻት፤ በዚያው ረሳችው። እሱም ከሰዓት በኋላ ሰንጠረዡን በሆስፒታሉ ክፍሎች ቅደም ተከተል አስያዘው። አሁን ቁጥሮቹ ሲታዩ እንደ ማንኛውም ቁጥር ተሰባጥረዋል፤ ዓይን የሚይዘው ነገር የለም። አትሞ ለቆራጩ ሰጠው።

ነርሶቹ የተሰፋውን ጋውን ሊለኩ የመጡ ዕለት ቤቱ መጀመሪያ በሳቅ ነበር የተሞላው። ደርባባዋ ነርስ ቁልፉ አልደርስ ብሏት «ይሄ የልጄ ነው እንዴ?» አለች። ቀጭኗ ደግሞ ጋውኑ ውስጥ እየዋኘች «ሁለት በሽተኛ ይዤ እገባበታለሁ» አለች። ሦስተኛዋም አልሆናትም፣ አራተኛዋም። ሳቁ ጠፋ።

«እኔ የቆረጥኩት ወረቀቱ ያለውን ነው» አሉ ሽማግሌው ቆራጭ፤ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

ትንሿ ጋውኖቹን አየች። ቁመታቸው ልክ ነው፤ ወገባቸውም ልክ ነው። የሳተው ደረት ብቻ ነው። ያቺ ያላነበበቻት ትንሽ መስኮት ትዝ አለቻት።

ቲቸር ወረቀቱን ደጋግሞ ካየ በኋላ ቀና አለ። «እትዬ፣ ቅደም ተከተሉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። መጨረሻ የነካሁትም እኔው ነኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እጄ የሆነ ቦታ ስቷል።»

«እጄ ስቷል?» አለች እናትየዋ። «ይሄ ሁሉ ጨርቅ ተቆርጦ፣ እጄ ስቷል? አምኜህ! አንተ ሰው ማስተማሩ ይቅርና መጀመሪያ ራስህ ተማር! ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

ትንሿ አፏን ከፈተች። «ይቺ ልጅ የነካችው ነገር አይበረክትም» የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። አፏን መልሳ ዘጋች። ቲቸር ሲወጣ አንዴ አያት። ዓይኑ ውስጥ ወቀሳ ቢኖር ኖሮ ይቀልላት ነበር፤ እሱ ግን አፍሮ ነበር፣ እሷን አፍሮ።

«ሆድ ይፍጀው» ብላ ዋጠችው። ሆዷ ግን ሊፈጀው አልቻለም። ነርሶቹ እንደ አዲስ ሲለኩ ሜትር የያዘችው እሷ ነበረች፤ እያንዳንዷም «ያ ጨዋ ልጅ የት ሄደ?» ትላታለች። «ሄደ» ትላለች። ምግብ አልበላ አላት። እናቷ ልጄን ሥራው አደከማት ብላ ጠዋት ጠዋት እንዳትቀሰቀስ አዘዘች፤ ይህ ደግነት ከሁሉም የበለጠ አሳፈራት።

አንድ ቀን ስልኳ ጠራ፤ ቲቸር ነው።

«እንዴት ነሽ? ይቅርታ፣ ላስቸግርሽ ነው። ቁመትና ወገቡንም አብረሽ አረጋግጪልኝ። እናትሽ በእኔ ስህተት ሁለቴ እንዳይጎዱ።»

«እሺ» አለች።

«እኔ ማስተማሩን ትቻለሁ። አጎቴ ሴራሚክ ይሸጣል፤ እሱ ጋ ነኝ። ሴራሚክ ከወደቀ ሲሰበር ይሰማል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን መሳሳቴን እንኳን አላወቅኩም። ሰው ማሳሳት ፈራሁ።»

አሁን ንገሪው አላት ልቧ። ምላሷ ግን «እሺ፣ አረጋግጥልሃለሁ» አለ። ስልኩ ሲዘጋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። የመጀመሪያው ዝምታ የድንጋጤ ነው ይባል፤ ይሄኛው የምን ነው? ሥራውን ብቻ አይደለም የወሰደችበት፤ በራሱ ላይ የነበረውን እምነትም ነጥቃዋለች፤ ማውዝ እንኳን ነጥቋት የማያውቀውን ሰው።

ፊቷን ታጥባ ወደ ስፌት ቤቱ ተመለሰች።

«እማዬ፣ የነርሶቹን ልክ ያዛነፍኩት እኔ ነኝ።»

አንዷ የስፌት መኪና ቆመች። ቀጥሎ ሌላዋ፤ ቀጥሎ ሁሉም።

«ምን አልሽ?»

«ቲቸር አይደለም። እሱ ሳይኖር ዋናውን ከፍቼ አምዱን ብቻዬን ነካካሁት። አትክፈቺ ብሎኝ ነበር።»

እናቷ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ተቀመጠች። «ያን ቀን አጠገቤ ቆመሽ አልነበር?»

«ነበርኩ።»

«የሰው ልጅ ሳዋርድ እያየሽ?»

«ፈራሁሽ።»

ጩኸት ጠብቃ ነበር። እናቷ ግን ሜትሩን እጇ ላይ ጠቀለለችው። «እኔም አፌን አልሰበስብም» አለች። «ተነሽ። ይቅርታ የምንጠይቀው ሰው አለ። ቅድሚያው ግን ያንቺ ነው፤ እኔ በር ላይ እቆያለሁ።»

ቲቸር አጎቱ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ይደረድር ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ፤ እሷ ግን ሰላም ሳትለው አንድም ሳታስቀር ነገረችው።

«እኔ አይደለሁም?» አለ። «እኔ አልነበርኩም?» ካርቶን ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

«ስልክ የደወልኩልሽ ቀንስ?»

«ያን ቀንም አውቅ ነበር።»

«ያን ቀን የደወልኩት ድምፅሽን ልሰማ ነበር» አለ። «የቁመትና የወገቡ ነገር ሰበብ ነው።»

 ስትመኘው የኖረችው ቃል እንዲህ ባለ ሰዓት ደረሳት።

«እወድሃለሁ» አለች። «ይሄን ለማለት ፊት እንደሌለኝ አውቃለሁ።»

«እኔም እወድሻለሁ። ግን አሁን ሂጂ። ተናድጃለሁ።»

ሄደች። እናቷ ገብታ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱ ግን ወደ ስፌት ቤቱ ወዲያው አልተመለሰም። ዘግይቶ መጣ፤ መጀመሪያ ለእናትየዋ ሰላምታ ሊያቀርብ፣ ቀጥሎ ለትንሿ፣ በመጨረሻም ሽማግሌ ሊልክ። ማስተማሩንም ቀጠለ። በትንሿና በቲቸር ሠርግ ቀን ሰፊዎቹ የሙሽራዋ ቀሚስ ደረቱ ላይ ልክ መሆኑን ለሦስት ለክተው ሳቁባት፤ እሷም ሳቀች፣ የዚህን ጊዜ ከልቧ።

አንድ ነገር ግን ሳይሽር ቀረ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤት ውስጥ አንዳች ነገር ሲበላሽ፣ በር ሳይቆለፍ ሲያድር፣ ወጥ ሲያር፣ እሱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። «እኔ ነኝ እንዴ?» ይላል ግንባሩን ቋጥሮ። ዓመታት አለፉ፤ ይህ ጥርጣሬ አልለቀቀውም። እሷም ይህን ጥያቄ በሰማች ቁጥር ያ የስልክ ጥሪ ትዝ ይላታል።

አንድ ቀን ከስፌት ቤት ስትመለስ ማዕድ ቤቱ በውሃ ተጥለቅልቋል። ባሏ ሱሪውን ሰብስቦ ወለሉን ይወለውላል።

«ቧንቧውን ሳልዘጋ የወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ።

«አንቺ እኮ ከጠዋት ጀምሮ ቤት አልነበርሽም።»

«ቢሆንም» አለችና ጫማዋን አውልቃ መወልወያውን ተቀበለችው።