ታቢታና ባለ ሁለት ራሱ ዘንዶ

ታቢታ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው። ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ካርድ ካርድ ይሉ ነበር። እናንተ ምናልባት አታውቁት ይሆናል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ አስፈሪ ፍጡር ሥዕል አለ። ጥጉ ላይ የጉልበቱ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ ችሎታውን የሚናገሩ ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። ሁለት ልጆች ካርዳቸውን ያጋጥማሉ፤ ያሸነፈ ይኩራራል።

ቁጥሩን ሁሉም ያነባል። ደቃቆቹን ፊደላት አንብባ የምትረዳው ግን ታቢታ ብቻ ነበረች። አባቷ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስለሆነ እንግሊዝኛ ያስጠናታል። ስለዚህ አዲስ ካርድ ያገኘ ሁሉ ወደ እሷ ይሮጣል። "ታቢታ እንዲህ ብላለች" ከተባለ ክርክር የለም።

አንድ ቅዳሜ የስምንት ዓመቱ ታምሩ መጣ። ከሸሚዙ ውስጥ አንድ ካርድ አወጣ።

"ይሄን ገምቺልኝ። ቀስ ብለሽ ያዢው።"

ባለ ሁለት ራስ ዘንዶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ታቢታ ግን ከሥሩ ያለውን አነበበች፤ ደግማም አነበበች። "ይህ ዘንዶ ቢሸነፍ በሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ይነሳል" ይላል። ልቧ ዘለለ። እንዲህ ያለ ካርድ በሰፈሩ የለም። ይህን የያዘ ልጅ ማን ይችለዋል?

"ምን ይላል?" አለ ታምሩ።

"አንዴ ብቻ ይዋጋል ይላል። ከዚያ በቃ። ለማየት እንጂ ለጨዋታ አይሆንም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ካላመንከኝ አንተ አንብበዋ።"

ታምሩ አንገቱን ደፋ።

"በሁለት የጎሽ ካርድ ልለውጥህ" አለች። "ላንተው ብዬ ነው።"

ትንንሽ ጣቶቻቸውን አቆላለፉ። ጓደኛቸው ሳምሪ በእጇ መሃሉን ቆረጠችው። በልጆቹ ሕግ ከተቆረጠ በኋላ መመለስ የለም።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ታቢታ መቀመጫ መቆሚያ አጣች። ዘንዶውን ልታሰልፈው አልቻለችም። ቢሸነፍ "ተመልሶ ይነሳል" ማለት ይኖርባታል፤ ያን ጊዜ ውሸቷ ይወጣል። ካርዱን ከኪሷ ታወጣዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ሳህን ልታጥብ ትሄድና ውኃውን ከፍታ ትረሳዋለች። በር ላይ ትቆማለች፣ ትገባለች፣ ደግሞ ትወጣለች።

"ምን ነክቶሻል? ተሳፋሪ እንዳጣ ባጃጅ የምትዞሪው?" አለቻት እናቷ።

"ምንም።"

ልጆች፣ "ምንም" ስንል ብዙ ጊዜ አንድ ነገር አለ።

በማግስቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ከታምሩ አጠገብ ተቀመጠች። ልጆቹ ሲዘምሩ የታምሩ አፍ አልተከፈተም። ሲወጡ አጥሩ ሥር አገኘችው።

"ጎሾቹስ?"

"ለሳምሪ ሰጠኋት። አልፈለግኳቸውም።" ሣር ነጨ። "ታቢታ፣ ኩማ ውሸታም ነበር?"

ኩማ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ባለፈው ክረምት ታሞ ሞቷል።

"ዘንዶውን የሰጠኝ እሱ ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ። 'ማንም አይችለውም' አለኝ። አንቺ ግን አይሆንም አልሽ። ለምን ዋሸኝ?"

ታቢታ የወሰደችው አንድ ካርድ መስሏት ነበር። ለካ የወሰደችበት የወንድሙን ቃል ነው። ኩማ ደግሞ መጥቶ "አልዋሸሁህም" ሊለው አይችልም።

ካርዱን ዝም ብላ ልትመልስለት አሰበች። "ሐሳቤን ቀየርኩ" ብትለው ማንም አያውቅባትም። ግን ኩማ ውሸታም ሆኖ ይቀራል። እግሯ ሂጂ ሂጂ አላት፤ አልሄደችም። በልቧ "ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፣ እርዳኝም" አለች። ከዚያ ልጆቹን ጠራች።

"የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለች። "ኩማ እውነቱን ነው የነገረህ። ዘንዶው ቢሸነፍም ተመልሶ ይነሳል። እንካ፣ ያንተ ነው። ይቅር በለኝ።"

"ተቆርጧል እኮ" አለች ሳምሪ።

"በውሸት ነው ያስቆረጥኩሽ።"

"ቆይ፣ የእኔንም ዝንጀሮ ደካማ ነው ብለሽ ነበር።"

"ያንቺስ የእውነት ደካማ ነው።"

ልጆቹ ሳቁ። ሳምሪ ግን አልሳቀችም። "አሁን ማን ያምንሻል?" አለቻት። እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ማንም ካርድ ይዞ ወደ ታቢታ አልመጣም። ደጃፋቸው ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። ቢከፋትም አላማረረችም።

ያን ዕለት ታምሩ ካርዱን ተቀበለ፤ ወዲያው ግን አላመናትም።

"አንቺ አታንብቢልኝ" አለ። "እኔ ራሴ ላንብበው። ፊደሉን ብቻ ንገሪኝ።"

ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እሷ ፊደል በፊደል ነገረችው፤ እሱ በጣቱ ተከተለ። እየተሳሳተ፣ እየደገመ፣ ቃል በቃል ትርጉሙን እየጠየቀ ሄደ። ልጆቹ ወደየቤታቸው ተበተኑ። ሁለቱ ቀሩ።

"ተመልሶ..." አለ ታምሩ። ጣቱ የመጨረሻው ቃል ላይ ቆመ። "ተመልሶ ይነሳል?"

"ይነሳል።"

ታምሩ ካርዱን አገላብጦ አየው።

"ኩማ አንብቦት ነበር ማለት ነው" አለ።

ልጆች፣ ሰው አምኗችሁ "አይታችሁ ንገሩኝ" ሲላችሁ፣ ብትጠቀሙም ብትጎዱም ያያችሁትን እውነት ብቻ ንገሩት።