እርጥብ ፀጉር

ብርቅነሽ ፈትል ልትሸጥ ሽሮ ሜዳ ሽመና ቤታችን የገባች ቀን፣ ከፈትሉ ይልቅ እሷን ሳይ ቆየሁ።

«ፈትሉን እየው እንጂ! እኔን ማን ይሸጠኛል?» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሁሉም ሰው ጓድ የነበረበት። እኔ ሾዴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የማንም ጓድ አልሆንኩም። የእሷ ብቻ! ተዋደድን። በራሷ ፈትል የሠርጓን ነጠላ መሸመን ጀመርኩ።

አንዳንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ትጠፋለች። ስጠይቃት «ዘመድ ጋ» ትለኛለች። አንድ ቅዳሜ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ከእንጦጦ ዳገት ስትወርድ አየኋት። ክንዱን ይዛለች፣ እየሳቀች ነው፣ ፀጉሯ እርጥብ ነው። ቅናት ያዘኝ። ሳልጠይቃት አኮረፍኩ። ነጠላውም መሃል ላይ ቆመ።

በዚያው ሰሞን አዲሱ ገበያ ላይ የአንድ መንግሥታዊ ድርጅት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የብርቅነሽን እጅ ከግንብ ጋር አጣበቀው። ፈታይ ያለ እጅ ምን ትሆናለች? ከሰሰች። የምትመሰክርበት ቀን እግሬ ራሱ ፍርድ ቤት አደረሰኝ። ግማሽ ሽሮ ሜዳ እዚያ ነበር።

የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ተነሣ።

«ከአደጋው በፊት ሕመም ነበረብሽ?»

እናቷ እትዬ አፀደ «የለም በይ» በሚል ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ብርቅነሽም አየቻቸው።

«ነበረብኝ» አለች።

«ምን?»

«የሚጥል በሽታ።»

ሰው ተንሾካሾከ። እትዬ አፀደ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጃቸው ባል እንዳታጣ ሲሉ ስንት ዘመን የደበቁት ጉድ ነው!

«የት ታከምሽ?»

«እንጦጦ ማርያም፣ ጠበል። አጎቴ ግዛቸው በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ተሻለኝ። አሁንም ለምስጋና አብረን እንወጣለን፣ እጠመቃለሁ።»

እርጥቡ ፀጉር! ከእንጦጦ ፀጉሯን አርሳ የምትወርድ ሴት ከየት እንደመጣች ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን የሰውየውን ክንድ እንጂ ሌላ አላየሁም ነበር።

ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ። «እንግዲያው ያን ቀንም በሽታሽ ጥሎሽ ነዋ!»

«አይደለም። በእግሬ ቆሜ ነበር።»

«በምን እንመንሽ?»

ቀና ብላ አየችው።

«ሕመሜን ስነግርዎትስ በምን አመኑኝ?»

ዳኛው እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው አዩዋት። ፍርዱንም፣ ትዳሩንም፣ ሁሉንም ለአንዲት እውነት አስይዛ የቆመች ሴት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ በኋላም አላየሁም። ምን ዓይነት ፍጥረት ናት? እያልኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

በመጨረሻም ተፈረደላት። የመሰከረች ቀን ግን ፍርዱን አልጠበቅኩም፣ ደጅ ላይ ደረስኩባት።

«ሰማህ አይደል? በል ሂድ» አለችኝ።

«ያ ሰውዬ... አጎትሽ ነው?»

«ማን መሰለህ?» አለችና ፊቴን ስታይ ገባት። «አንተ ጅል! ለዚህ ነው ያኮረፍከኝ?»

«ለምን ታዲያ አልነገርሽኝም?»

«ትሸሸኛለህ ብዬ ፈርቼ... ሳልነግርህም ሸሸህ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ብርቄ፣ ነጠላው ከመሸመኛው አልወረደም። መቁረጥ አቃተኝ።»

የተጎዱ ጣቶቿን አሳየችኝ። እንባዋ መጣ። «ይህ እጅ ከእንግዲህ አይፈትልም እኮ።»

እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት። «እስከዛሬ የፈተልሽው ይበቃናል። ቅዳሜ እንጦጦ ስትወጪ እኔም አለሁ።»

ነጠላውን ጨረስኩት። ሽመናው የቆመበትና እንደገና የተጀመረበት ቦታ ግን መሃል ላይ በግልጽ ይታያል። ለሠርጉ ልፈታውና እንደ አዲስ ልሠራው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተወው፣ ይታይ» አለችኝ።

እንደዚያው ለብሳው ተዳረች።