ማር የመሰለችው ኦፓል

ዒምራን ከደላንታ የኦፓል ቁፋሮ ሲመለስ ለእጮኛው ለራዊያ አንዲት ድንጋይ አመጣላት። ነጭ ናት፤ ወዲያ ሲያዞሯት አረንጓዴ፣ ወዲህ ሲያዞሯት ቀይ ብልጭ ትላለች። በጥቁር ክር አስሮ፣ ቆቦ ገበያ እጨርቅ ሱቋ ድረስ ወስዶ ሰጣት።

«ይቺን ሳያት ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«አቤት ምላስ!» ብላ ሳቀች። ግን እዚያው አንገቷ ላይ አጠለቀቻት።

ዒምራን ተመልሶ ሄዶ ወራት ቆየ። የመጣው ኒካሃቸው ሊታሰር ሳምንት ሲቀረው ነው። ራዊያ ልትቀበለው እየሮጠች ወጣች፤ የእሱ ዓይን ግን አንገቷ ላይ ቀረ። ድንጋይዋ ማር መስላለች፤ ብልጭታዋም ደብዝዟል።

«የኔዋ የታለች?»

«ይቺው ናታ! ወላሂ፣ ካንገቴ ወርዳ አታውቅም።»

«እኔን ነው ድንጋይ የምታስተምሪኝ? ለማን ሰጥተሽ ነው በዚህ የለወጥሻት?»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ክሩን በጥሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ገባች።

ወይ ዒምራን! ተከትሏት ቢገባ ምን ነበረበት? እልኸኛ ነውና ሽማግሌ ልኮ ኒካሁን አስቀረ።

ከዓመት በኋላ ደሴ ላይ ድንጋይዋን ለአንድ ኦፓል ጠራቢ አሳየው። ሰውየው ገና ሲያያት ሳቀ።

«ይቺማ ቅቤ ጠጥታለች። የኛ አገር ኦፓል ውሃም ይሁን ዘይት ያገኘውን ይጠጣል። ያጠለቀቻት ሴት ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች አይደል?»

ዒምራን ድንጋይዋን መዳፉ ውስጥ ጨበጣት። በዚያ በቆቦ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ በአንገቷ ሲወርድ ስንቴ አይቷል! ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው አለ።

በማግስቱ ሱቋ ሄደ። ራዊያ አላገባችም፤ ተስፋውም ይኸው ነበር።

«ቅቤ ነው ራዊያ! ቀለሟን የለወጠው ቅቤሽ ነው። ለካ አውልቀሻት አታውቂም። አፉ በይኝና እንደገና እንጀምር።»

«አፉ ብዬሃለሁ» አለችው፣ ጨርቅ እያጠፈች። ፊቱ ሲበራ አየችና ቀጠለች፦ «ቆይ። ያኔ ምን ነበር ያልኩህ?»

«ካንገቴ ወርዳ አታውቅም አልሽኝ።»

«ዛሬስ ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

«ካንገትሽ ወርዳ እንደማታውቅ።»

«ወላሂ ብዬ ስነግርህ አላመንከኝም። የማታውቀው ሰው ደሴ ላይ ሲነግርህ አመንክ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ቢለወጥብህ፣ ማንን ጠይቀህ ልታምነኝ ነው?»

አንዲት ገበያተኛ በር ላይ ቆማ ነበር። ራዊያ «ግቢ እህቴ» ብላ ሜትሯን አነሳች፤ እሱም ለሴትዮዋ መንገድ ለቆ ወጣ።